ግድግዳ ለሚቆርጡ ሠራተኞች፦ ከማስክ በፊት አቧራ መሳቢያ እንግዛ

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ በሚሠራበት ሁሉ የኤሌክትሪክና የውሃ ቱቦ ለመቅበር ግድግዳ በግራይንደር ይቆረጣል። ቆራጩ ብዙ ጊዜ አፍንጫውን በሻርፕ ጠምጥሞ ነው የሚሠራው። ሻርፑ ትልልቁን ብናኝ ይይዝለታል፤ ሳንባን የሚጎዳው ግን በዓይን የማይታየው ነው። በአሸዋ፣ በኮንክሪት፣ በብሎኬት፣ በሴራሚክና በግራናይት ውስጥ ያለው ሲሊካ ሲፈጭ ከ10 ማይክሮን በታች ይደቅቃል (የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ገደማ ነው)። ይህ ብናኝ እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ዘልቆ ጠባሳ ይተዋል። ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ ይኸው ነው፤ ፈውስ የለውም፣ ለሳንባ ነቀርሳም በእጅጉ ያጋልጣል። ቲቢ በበዛበት አገር ይህን አቅልሎ ማየት አይቻልም።

የአሜሪካ ሕግ በ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቅደው አማካይ መጠን በኪዩቢክ ሜትር አየር 50 ማይክሮግራም ነው። 10 በ10 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ላለው አዳራሽ በጠቅላላ 15 ሚሊግራም ማለት ነው፤ አንድ ቁንጥጫ ጨው ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ ማስክ ብቻ አንጠይቅም። ያሰብነው በውሰት የሚዞሩ 12 የመሣሪያ ስብስቦችን ነው፤ አነስተኛ ንዑስ ተቋራጮችና የቀን ሠራተኞች በነፃ ወስደው ይሠሩባቸዋል። መከላከያ ማቅረብ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ መሆኑን እናውቃለን፤ በየሳምንቱ ሳይት የሚቀይረው የቀን ሠራተኛ ዘንድ ግን ግዴታው አይደርስም። እስኪደርስ ድረስ ሳንባው አይጠብቅም።

በአንዱ ስብስብ ውስጥ የሚኖረው፦ የ125 ሚሊሜትር ዲስክ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ የቱቦ መግጠሚያ ያለው ሽፋን፤ በደቂቃ ቢያንስ 3.5 ኪዩቢክ ሜትር አየር የሚስብ ኤም ክላስ (አደገኛ ደቃቅ አቧራ ለመያዝ የተሠራ) ቫኪውም፤ 2 መለዋወጫ ማጣሪያ፣ 10 ከረጢት፤ ማጣሪያቸው የሚቀየር 2 የጎማ ማስክ፤ አዲስ ባለ 16 ሊትር የጀርባ ውሃ መርጫ። መርጫው ፀረ ተባይ ተረጭቶበት የሚያውቅ ከሆነ አንቀበልም።

የቤት ቫኪውም አይሆንም፤ ደቃቁን አቧራ ከኋላው መልሶ ይተፋዋል። ሽፋኑም ከግድግዳው ጋር ካልተጣበቀ ዋጋ የለውም፤ ግራይንደሩ በተቻለ መጠን ከዲስኩ አዙሪት በተቃራኒ መገፋት አለበት፣ ያኔ ፍርፋሪው ወደ መሳቢያው ይሄዳል። ብዙው ስህተት የሚሠራው ማጣሪያው ሲደፈን ነው፦ ሠራተኛው በኮምፕረሰር ይነፋዋል፣ የተያዘው አቧራ ሁሉ ተመልሶ ክፍሉን ይሞላል። ከእያንዳንዱ ስብስብ ጋር የግማሽ ቀን ሥልጠና የምንሰጠው ለዚህ ነው።

የመርጫው ውሃ በቤንዚን ሞተር ለሚሠራ መቁረጫ ነው፤ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ይበቃል፣ አንድ መርጫ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያሠራል። በተራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ውሃ ማፍሰስ ግን ሰው ይገድላል። የወለሉም ጭቃ ሳይደርቅ ይጠረግ፤ ከደረቀ እንደገና አቧራ ነው። ማስኩ የመጨረሻው መከላከያ ነው፣ ጢም ላለው ሰው ደግሞ ፊት ላይ አይገጥምም።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ ገንዘብም ዕቃም እንቀበላለን። ከአሜሪካ የምትመጡ ቫኪውም አታምጡ፤ የ120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220 ነው። ሽፋን፣ የጎማ ማስክና ያልተከፈተ የኤን 95 (ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ) ማስክ ካርቶን ያዙልን፤ የመጠቀሚያ ጊዜው እንዳላለፈ ተመልከቱ። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከዱባይ የሚመጣ ቫኪውም ግን እዚህ ይሠራል። ሽፋን ከመግዛታችሁ በፊት የግራይንደሩን አንገት ውፍረት ጠይቁን፤ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ ያልገጠመ ሽፋን በሳጥኑ ይቀራል።

ገንዘብ የምትሰጡ፣ ለሙሉ ስብስብ ባይደርስ ለማጣሪያና ለከረጢት ብላችሁ ስጡ። መሣሪያው አንዴ ይገዛል፤ ማጣሪያ ግን ሥራ እስካለ ድረስ ያልቃል፣ ያለ እሱ ደግሞ ቫኪውሙ ቆሞ ይቀራል።