ሦስቱም 24 ሜጋፒክስል ናቸው

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋኑ ለቀቃት፤ ዛሬ ተነስታ ቡና አፍልታለች። የደሴ ብርድ ግን እንደምታውቂው ነው።

የላክሽልኝን የሦስቱን ካሜራዎች፣ የአር 50ን፣ የአር 6 ማርክ 2ንና የአር 1ን ዝርዝር ደጋግሜ አነበብኩት። «አባዬ፣ ሦስቱም ካኖን ናቸው፣ ሦስቱም 24.2 ሜጋፒክስል ናቸው፤ ታዲያ አንዱ ከሌላው ዘጠኝ እጥፍ የሚወደደው ለምንድን ነው?» ብለሻል። ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። በስልክ ልመልስልሽ ጀምሬ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሞም በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ስንት ወር ጥለሽ የወጣልሽ የዕቁብ ብር ነው። በላዩ ላይ ከአጎትሽ ተበድሬ ትልቁን ልግዛ ማለትሽ እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

አር 50 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ቦዲው ብቻ፣ ያለ ሌንስ፣ 680 ዶላር ገደማ ነበር። አር 6 ማርክ 2 በ2022 በ2,500 ዶላር ወጣ። አር 1 ደግሞ በ2024 በ6,300 ዶላር። እኛ ጋ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አይጠብም። የመጀመሪያዋ የጀማሪ ናት። ሁለተኛዋን በፎቶ እንጀራውን የሚበላ ሰው ይይዛታል። ሦስተኛዋ የባለሙያ የሚሏት ናት።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ጠራ ባለ ቀን አንድ ልጅ ጥላ ሥር አቁመሽ በሦስቱም ብታነሺው፣ አልበም ላይ ሲታተም የቱ በየትኛው እንደተነሳ እኔም አለየውም። 30 ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቼ አለየውም። ልዩነታቸው የሚታየው ቀኑ ሲከፋ ነው።

ተክሊል አስቢ። ገና ሳይነጋ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ብርሃን የጧፍ ነው። ካህኑ ፍላሽ እንዳታበሪ ነግረውሻል። አክሊሉ ሙሽሪት ራስ ላይ ሲያርፍ ያለሽ ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። አር 50 አብራት የምትሸጠው ሌንስ ከ18 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ናት። ወደ 45 ስትስቢያት ቀዳዳዋ ከኤፍ 6.3 በላይ አይከፈትም፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ቀዳዳው የሚሰፋው። ስለዚህ ካሜራዋ አይኤስኦውን፣ ለብርሃን ያላትን ስሜት ማለት ነው፣ ትሰቅለዋለች፤ ፊታቸው ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። እዚያው ቦታ ላይ ኤፍ 1.8 የምትከፈት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብትሰኪ አሥራ ሁለት እጥፍ ብርሃን ይገባል። አይኤስኦ 12,800 ይፈልግ የነበረው ወደ 1,000 ይወርዳል። ልብ በይ፣ ካሜራውን አልቀየርንም። የለወጥነው ሌንሱን ነው።

ቦዲውስ? አር 50 ሴንሰሯ፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለቱ ትልልቆች 36 በ24 ነው፤ ፉል ፍሬም የምንለው። በስፋት 2.6 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሜጋፒክስሉ፣ ማለትም የነጥቦቹ ብዛት፣ እኩል ስለሆነ እያንዳንዷ ነጥብ በዚያው ልክ ትሰፋለች፣ ብርሃንም በዚያው ልክ ትቀበላለች። ለዚህ ነው ቁጥሩ አንድ ሆኖ ጨለማ ውስጥ የሚለያዩት። ሜጋፒክስል ደረጃ ነግሮን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ 1 የጋዜጠኛ ካሜራ ነበር፤ 2.7 ሜጋፒክስል ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው የካኖን 300 ዲ ደግሞ 6.3 ሜጋፒክስል ሆኖ ከ1,000 ዶላር በታች ለጀማሪ ተሸጠ። ሻጭ በሜጋፒክስል ሊያሳምንሽ ሲጀምር ወሬውን ወደ ሌላ ነገር መልሺው።

ሁለተኛው ነገር ጣት ነው። አር 50 ላይ የሚሽከረከር ጎማ አንድ ነው። በማኑዋል ስትሠሪ ፍጥነቱንም የሌንሱን ቀዳዳም በዚያችው በአንዷ፣ ቁልፍ እየተጫንሽ ነው የምትቀይሪው። አር 6 ማርክ 2 ላይ አንዱ ጎማ አመልካች ጣትሽ ሥር ነው፣ ሌላው አውራ ጣትሽ ሥር፣ ሦስተኛው ከጀርባዋ። ዓይንሽን ሳታነሺ ሁሉንም ትቀይሪያለሽ። ትንሽ ነገር ሊመስልሽ ይችላል። ሙሽራው ከጨለማው ቤተ ክርስቲያን ወደ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግን አራት እርምጃ ነው የሚራመደው። በዚያች አራት እርምጃ ውስጥ ሁሉንም ካልቀየርሽ ነጭ ካባው ወረቀት ሆኖ ይወጣል። ስንት ጊዜ ደርሶብኛል።

ሦስተኛው ላይ ግን ቆም በይልኝ።

አንቺ አምስተኛ ክፍል ነበርሽ። ያኔ የነበረችኝ ካሜራ ካርድ የምትወስደው አንድ ብቻ ነበር። እሑድ አንድ ሠርግ አነሳሁ፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማታ። ቤት ገብቼ ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። አላነበበውም። አወጣሁት፣ በሸሚዜ ጠረግሁት፣ መልሼ ሰካሁት። «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ጠየቀኝ። እናትሽ እራት አቅርባ ስትጠራኝ አልሰማኋትም። በማግስቱ አዲስ አበባ ወስጄ ሰው አስሞከርኩ። አርባ የሚሆኑ ፎቶዎች ተረፉ። ግማሾቹ ከወገብ በታች ግራጫ ነበሩ።

ሙሽሪት ከእናቷ ጋር ፎቶ ቤት መጣች። አልጮኸችብኝም። የተረፉትን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሲያልቁ «አያቴስ?» አለችኝ። አያቷ ከወረኢሉ መጥተው፣ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ሲመርቋት አንስቻቸው ነበር። እንዴት እንደተነሱ፣ ነጠላቸው እንዴት እንደወደቀ ዛሬም ይታየኛል። ፎቶው ግን የለም። ብሩን መለስኩ። እሷ ግን የጠየቀችኝ ብር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ካርድ የማይወስድ ካሜራ ይዤ ሠርግ ሄጄ አላውቅም። አር 50 አንድ ካርድ ነው የምትወስደው። አር 6 ማርክ 2 ሁለት ትወስዳለች፤ አንዱን ፎቶ ሁለቱም ላይ እንድትጽፍ ማድረግ ይቻላል። እኔን ብትጠይቂኝ በጀማሪና በሥራ ካሜራ መካከል ያለው ድንበር እዚህ ላይ ነው። የሌላውን ጉድለት በብልሃት ታልፊዋለሽ። ይህንን አታልፊውም።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። አር 6 ማርክ 2 አቧራና እርጥበት እንዳይገባባት ተደርጋ ነው የተሠራችው፤ አር 50 አይደለችም። ጥምቀት ላይ ውኃው በጎማ ሲረጭ ልዩነቱ ይገባሻል። የአር 50 ባትሪ 1,040 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው፣ የሌላዋ 2,130። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህን ማስላት ነው። ትልቋ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ሴንሰሯን ራሱን አንቀሳቅሳ ትይዝልሻለች። አር 50 ላይ የድሮ ፍላሽ ያለ አስማሚ አይሰካም፤ ስለዚህ ፍላሽ ከመግዛትሽ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክተሽ ሞክሪ። በዓይን ላይ ፎከስ ማድረግ ግን ትንሿም ጎበዝ ናት። እኔ በጀመርኩበት ዘመን የባለሙያው ካሜራም እንዲህ አያደርግም ነበር።

አር 1 ምን ትሠራለች? ታምራት ቶላ በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶኑን በ2:06:26 ጨርሶ የኦሎምፒክ ሪከርድ ሲሰብር መስመሩ ጋ የቆሙትን አንሺዎች አስቢያቸው። «እንደገና ሩጥልኝ» አይባልም። አር 1 በሰከንድ እስከ 40 ፎቶ ታነሳለች። የኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ይሰካባታል፤ አትሌቱ ውኃ ሳይጠጣ ፎቶው ዜና ክፍል ይደርሳል። ካሜራዋን ቁም አድርጋ ለምታነሳ እጅ ሌላ መተኮሻ አላት። ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ያልፋል፤ አር 50 ከነባትሪዋ 375 ግራም ናት። ካርዶቿም የተለመዱት አይደሉም፣ ውድ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በየቀኑ ስታዲየም ለሚውል ሰው እንጀራ ናቸው። አንቺ ግን በወር ሁለትና ሦስት ሠርግ ነው ያለሽ። ሙሽራ ደግሞ 40 ጊዜ በሰከንድ አይስቅም። ልጄ፣ በብድር አትግዢያት።

ምክሬ ይኸው ነው። ዕቁቡ ለአር 6 ማርክ 2 ከደረሰ እሷን ግዢ፤ ለጊዜው በአንድ ሌንስ ሥሪ። ካልደረሰ ያገለገለ 5 ዲ ማርክ 3 ፈልጊ፤ እኔ ዛሬም የምሠራበት ነው። እ.ኤ.አ. የ2012 ካሜራ ነው፣ ፉል ፍሬም ነው፣ ሁለት ካርድ ይወስዳል። ሹተሩ፣ በየፎቶው የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ለ150,000 ፎቶ የተሠራ ነውና ስንት እንደተተኮሰ ሳታውቂ ብር አታውጪ። አንድ ሠርግ 1,500 ብታነሺ መቶ ሠርግ ማለት ነው። ሻጩ ሰማንያውን ጨርሶት ሊሆን ይችላል።

አር 50 ላይ ልብሽ ካረፈም አልከለክልሽም፤ ለመማሪያ ጥሩ ናት። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ። በእሷ ሠርግ ብቻሽን አትቀበዪ። ከሌላ አንሺ ጋር ሁለተኛ ሆነሽ ውጪ። እንደ እሷ ላለ ትንሽ ሴንሰር ብቻ የተሠሩትን ሌንሶችም አታብዢ። ነገ ፉል ፍሬም ላይ ስትሰኪያቸው ካሜራው የፎቶውን ዙሪያ ይቆርጠዋል፤ 24ቱ ሜጋፒክስል ወደ 9 ይወርዳል።

የእኔን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነገ በሚወጣው አውቶቡስ እልክልሻለሁ። ለድሮዎቹ የተሠራች ስለሆነች አዲሶቹ ላይ አስማሚ ትፈልጋለች፤ እሱንም ገዝቼ ጨምሬዋለሁ። 5 ዲ ከገዛሽ እንዲሁ ትሰካለች። ፊቷ ጠርዝ ላይ ትንሽ ጭረት አለች፤ ፎቶ ላይ አትወጣም፣ አትደንግጪ። በጥጥ ጠቅልዬ በድሮው የፊልም ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌያታለሁ። እናትሽ እዚያው ካርቶን ውስጥ በሶ አስገብታለች። ስትከፍቺ መጀመሪያ በሶውን አውጪ፣ እጅሽን ታጠቢና ከዚያ ሌንሷን ንኪ።

አባትሽ