እማዬ፣ ቡኒውን ቦርሳ ለማንም እንዳትሰጪው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ቁርጥማቱስ በዚህ ክረምት እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርት ሊጀምሩ ነው፣ ሽር ጉድ ላይ ነን።

ባለፈው ስንደዋወል ቁም ሳጥኑን እያራገፍሽ እንደሆነ ነገርሽኝ። አሮጌዎቹን ቦርሳዎች ለሚፈልግ እሰጣለሁ አልሽ። ቡኒው ሻግቷል፣ ማንገቻው ሊበጠስ ነው፣ ቁልፉም አረንጓዴ ነገር አውጥቷል አልሽኝ። መስመሩ ሲቆራረጥብን ነገሩ ሳያልቅ ቀረ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ እሱ ላይ ነው። እባክሽ እማዬ፣ እሱን አትስጪው። ይድናል። እንዴት እንደሚድን እዚህ እጽፍልሻለሁ። እህቴ ታንብብልሽ፣ ጉልበት የሚፈልገውንም እሷ ትሥራው።

መጀመሪያ ምን እንደያዝሽ ልንገርሽ። አክስቴ በደርግ ጊዜ ከአሜሪካ ስታመጣልሽ ጠንካራ ዕቃ ነው ብላ ብቻ ነው የሰጠችሽ። ቦርሳው ኮች የሚባል ድርጅት ሥራ ነው። በፈረንጆቹ 1941 ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ የተጀመረ ትንሽ የቤተሰብ ወርክሾፕ ነበር። ኋላ ማይልስ ካን የሚባል ሰው ከባለቤቱ ከሊሊያን ጋር ያዘው። ካን ቤዝቦል የሚባለውን የአሜሪካ ጨዋታ ሲጫወቱ የሚያጠልቁትን የቆዳ ጓንት ልብ ብሎ ያያል። ጓንቱ በተያዘ ቁጥር እየለሰለሰ፣ እያማረበት ይሄዳል። የከብት ቆዳ በዚያ መንገድ ተለፍቶ ለምን ቦርሳ አይሆንም አለ። በ1962 ደግሞ ቦኒ ካሽን የምትባል ዲዛይነር መጣች። ያ እየዞረ የሚቆለፈው የናስ ቁልፍ የእሷ ሐሳብ ነው። ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና ነበራት፣ የጣሪያውን መያዣ አይታ ነው ለቦርሳ ያመጣችው። ከፍተሽ ውስጡን ብታዪ ቆዳው ላይ የታተመ ጽሑፍ አለ። በኒው ዮርክ ከተማ መሠራቱን ይናገራል።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ለወሬ አይደለም። ቦርሳው የሚድነው በአሠራሩ ምክንያት ነው። ገበር የለውም። ውስጡም ውጪውም ያው ቆዳ ነው። በላዩ ላይ የፕላስቲክ ቅብ አልተደረገበትም። ቀለሙም ቆዳው ውስጥ ድረስ ገብቷል፣ ስለዚህ ቢጫጫር እንኳ ከሥሩ ሌላ ቀለም አይወጣም። እዚህ አሜሪካ እንዲህ ያሉትን አሮጌ ቦርሳዎች ከሰልባጅ ሱቅ እየለቀሙ፣ እያጠቡና እየሰፉ የሚይዙ ብዙ ሴቶች አሉ። እኔም ቅዳሜና እሁድ ይህንኑ ስሠራ ቆየሁ። ነገሩን በጣም ወድጄዋለሁ። ደርቆ እንደ ጣውላ የነበረ ቆዳ እጅሽ ላይ ሲፈታ ስታዪው ደስ ይላል።

እንግዲህ ሻጋታው ይቅደም። ቦርሳውን ከቤት አውጥታ በረንዳ ላይ ትያዘው፣ አቧራው ቤት ውስጥ እንዳይበተን። አፍና አፍንጫዋን ትሸፍን፤ አንቺ ግን አጠገቧ አትቁሚ፣ ለደረትሽ ጥሩ አይደለም። በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ ጨርቁን ትጣለው። ከዚያ ፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል ከውኃ ጋር እኩል ቀላቅላ፣ ጨርቁን በደንብ ጨምቃ ትጥረገው። መጀመሪያ ግን ከታች፣ ዓይን የማያየው ቦታ ላይ ትሞክረው። አልኮል ቀለም ሊያነሳ ይችላል። ካነሳ ትተወው፣ በውኃ ብቻ ትጥረገው። ከዚያ ነፋስ ያለበት ጥላ ሥር ይዋል። ፀሐይ ላይ ግን እንዳይሰጣ። ፀሐይ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ቀለሙንም ይበላዋል።

ቀጥሎ እጥበቱ ነው። በአጃክስ ወይም በኦሞ እንዳትነኩት። የልብስ ሳሙና ለቆዳ ጠንካራ ነው። ቆዳ ሲለፋ ትንሽ አሲድነት እንዲኖረው ተደርጎ ነው፣ የልብስ ሳሙና ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው። ወዙን አውጥቶ ቃጫውን ያደርቀዋል። በረኪና የሚባለውማ አጠገቡ አይድረስ። ለብ ባለ ውኃ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ ጠብታ ጠብ አድርጋ፣ በስፖንጅ አረፋውን ብቻ እያነሳች ትጥረገው። ነጠብጣቡን ለይታ ሳይሆን አንዱን ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ። አለበለዚያ ውኃው የደረሰበት ቦታ ክብ ምልክት ይዞ ይቀራል። ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን ታንሳው።

እዚህ ያሉት ሴቶች ቦርሳውን እንዳለ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል። ሰው ሲያይ ይደነግጣል። እውነትም ለዚህ ቦርሳ ይሠራል፣ ገበርና ካርቶን ስለሌለው። ውኃው ቡኒ ሆኖ ሲወጣ ቆሻሻና ትርፍ ቀለም ነው። ላንቺ ግን አልመክርም። በክረምት ከተነከረ ቶሎ አይደርቅም፣ ካልደረቀ ደግሞ ሻጋታው ይመለሳል። መስከረም ጠብቶ አየሩ ሲደርቅ ሽታው አሁንም ካልለቀቀ ያኔ እንነጋገራለን። እስከዚያው ቤኪንግ ሶዳ በካልሲ ቋጥራችሁ ውስጡ አስቀምጡበት። ለጥቂት ቀን ዝም ብላችሁ ተዉት፣ ሽታውን ይስበዋል።

አሁን ዋናው ነገር ወዙ ነው። አንቺ ቅቤ ቀቢው እንደምትዪ አውቃለሁ። ገጠር ስልቻ በቅቤ ሲታሽ እያየሽ ነው ያደግሽው። ያ ልክ ነበር። ስልቻው በየቀኑ ይታሻል፣ ይነካካል፣ ጢስ ባለበት ቤት ይሰቀላል። ጢሱ ራሱ ሻጋታ ይከላከላል። ይህ ቦርሳ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበት ነው የሚኖረው። ቅቤም ሆነ የምግብ ዘይት እዚያ ውስጥ ይሸታል፣ ለሻጋታም ቀለብ ይሆናል። ቫዝሊንም ይቅር፣ ላዩ ላይ ተለጥፎ አቧራ ይሰበስባል።

ቆዳ ማለት እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቃጫ ነው። በቃጫዎቹ መሃል ቅባት አለ፣ በፋብሪካ ሲለፋ የተሰጠው። ቅባቱ በዘመን ብዛት ሲያልቅ ቃጫው ቅቤ እንዳጣ ጸጉር ተያይዞ ይደርቃል። ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን የሚመልሰው የለም፣ ያልተሰነጠቀውን ግን ማዳን ይቻላል። ለዚህ የሚሆን በቆርቆሮ ያለ ክሬም እልክልሻለሁ። ከበግ ጸጉር የሚወጣ ቅባትና የንብ ሰም አለበት። በጣት ጫፍ ትንሽ ተወስዶ፣ በጨርቅ ስስ ተደርጎ ነው የሚቀባው። ማደሪያ ሰጥታችሁ በማግሥቱ ያልጠጣውን ጥረጉት። ደረቅ ከመሰላችሁ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። አደራ፣ አታብዙ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅባት የበዛበት ቆዳ ይጠቁራል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ክሩንም ያበሰብሳል። መጀመሪያ ሲቀባ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ሲጠጣው ወደ ቀለሙ ይመለሳል።

ቁልፉ ላይ ያየሽው አረንጓዴ ከናሱ የመጣ ነው። ናስ ውስጥ መዳብ አለ፣ መዳቡ ከቆዳው ቅባት ጋር ሲገናኝ እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ ክሬሙን ከቁልፉ ራቅ አድርጉት። አረንጓዴውን በስቴኪኒ እየጫሩ ማውጣት ነው፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ማሸት። ሎሚና ጨው ናስ ያበራል፣ ቆዳው ላይ ከፈሰሰ ግን ይጎዳዋል። እንደ አዲስ ባያበራ ምንም አይደለም።

ማንገቻው ግን ለጫማ ሰፊው ይሰጥ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሽማግሌ አሁንም ካሉ ከእሳቸው የተሻለ ሰው አላውቅም። በማሽን እንዳይሰፉት ንገሪያቸው። በማሽን የተሰፋ ነገር አንዱ ቦታ ሲበጠስ ተያይዞ ይተረተራል። በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ የተሰፋ ግን አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። ወስፌውን በድሮው ቀዳዳ ያስገቡት። አዲስ ቀዳዳ ከአሮጌው አጠገብ ከተበሳ ቆዳው እዚያው ላይ ይቀደዳል። ማስቲሽ አይቀቡት፣ ሲደርቅ ቆዳውን ያገረዋል፣ ቀጥሎ ለሚሰፋውም ሰው ችግር ነው። የጫማ ቀለምም አይንካው፣ ነጭ ነጠላሽ ላይ ይለቃል። እግረ መንገድሽን ማንገቻውን በትከሻሽ ልክ አሳጥረው እንዲያስተካክሉልሽ ጠይቂ። አሁን ቁመትሽም ቀንሷል፣ ቦርሳው ጉልበትሽን እየመታ መሄድ የለበትም። ቆርጠው ግን አይጣሉት፣ አጥፈው ይስፉት።

ማዕዘኖቹ ተልጠዋል ብለሽኝ ነበር። እሱን ተዪው። ቀለም የሚቀባ አለ፣ እዚህም ይሸጣል። እኔ ግን ማዕዘን ላይ ቀለም ሲቀባ አልወድም። እነዚያ ማዕዘኖች የተላጡት በፈተና ወረቀት ሞልተሽ በታክሲ ስትመላለሺ ነው። ውስጡ ያለው የቀይ እስክሪብቶ ነጠብጣብም እንዳለ ይሁን። ቀለም ቆዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ለማውጣት ሲታገሉ የቆዳውን ቀለም ነው ይዘው የሚወጡት። ደግሞስ ለምን ይወጣል? ስንት ልጅ በዚያ እስክሪብቶ ታርሞ ሰው ሆኗል። እኔ ራሴ ማታ ማታ ከጎንሽ ተቀምጬ ነጥብ ስደምርልሽ ነው ሒሳብ የወደድኩት።

ስለሌሎቹ ባጭሩ ልንገርሽ። ከመርካቶ የገዛሽው ጥቁሩ፣ ቅርፊት ቅርፊት እያለ የሚላጠው፣ ቆዳ አይደለም። ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። እርጥበት ከውስጥ በልቶታል፣ ምንም ቢቀባ አይድንም። ለሰው አትስጪው፣ የሚወስደውም ሰው ልብስ ላይ ይራገፋል። ትንሿ የፍየል ሌጦ ቦርሳ ግን ደህና ናት። የአገራችን ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው። የደጋ በጋችንን ሌጦ የውጭ አገር ጓንት ሠሪዎች የሚፈልጉት ለዚህ ነው። እሷን ውኃ ውስጥ እንዳትከቷት፣ ገበርና ካርቶን አላት። በጨርቅ መጥረግ ይበቃታል።

ሲያልቅ ፌስታል ውስጥ አታስቀምጪው። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ሻጋታውም ከዚያ ነው የመጣው። አሮጌ የትራስ ልብስ ይበቃል። ውስጡን በነጭ ወረቀት ወይም ባረጀ ሹራብ ሙይው፣ በጋዜጣ ግን አይሁን፣ ቀለሙ ይለቃል። በማንገቻው አትስቀይው።

ግን እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እንድታስቀምጪው አይደለም ይህን ሁሉ የምጽፈው። «ላንቺ አስቀምጬልሻለሁ» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እኔ እንዲቀመጥልኝ አልፈልግም። እንድትይዢው ነው የምፈልገው። አባዬ ካረፈ ወዲህ ለማን ብዬ ነው የምለብሰው ትያለሽ። ጥሩ ጥሩውን ሁሉ ለክት አድርገሽ በፌስታል ትወጫለሽ። እህቴ ስትነግረኝ በጣም አዝናለሁ። ዕድሜሽን ሙሉ ሠርተሻል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ መነጽርሽን፣ መድኃኒትሽንና የጸሎት መጽሐፍሽን ያዢበት። ከዚያ በላይ አትጫኚው፣ ቆዳው ራሱ ክብደት አለው። ለቦርሳውም የሚሻለው ይኸው ነው። የሚያዝ ቆዳ ይተጣጠፋል፣ አየር ያገኛል፣ ከእጅ ወዝም ይነካዋል። ተዘግቶበት የኖረው ነው ቶሎ የሚያረጀው።

ለመስቀል የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። ክሬሙን፣ ሰም የተቀባ ክርና ጫፋቸው የደነዘዘ ሁለት መርፌዎች በእሱ እልካለሁ። ክሩ ሁለት ጥቅል ነው። ለሽማግሌው የምትሰጪያቸው ቡኒውን ነው፣ ጥቁሩ ለእህቴ ጫማ ነው። ክሬሙ የእጅ ቅባት ስለሚመስል ከመኝታ ቤትሽ አርቂው። እስከዚያ ሻጋታውን ብቻ ጥረጉት፣ ሌላውን ዕቃው ሲደርስ ትሠሩታላችሁ። ማንገቻው የተላቀቀበትን ቦታ ደግሞ እህቴ ከቅርብ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልኝ። ቆዳው ራሱ ተቀዶ ከሆነ ከሥሩ የሚደረብ ቁራጭ ቆርጬ አብሬ እልካለሁ።

ጎረቤቶችን ሁሉ ሰላም በዪልኝ። ጉንጭሽን እስማለሁ።

ልጅሽ