ቤት የናፈቃቸው ሁለቱ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዳዊት፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በርሚንግሃም ብርዱ ገብቷል። ሥራዬም ያው እንደምታውቀው ነው።

ባለፈው ስልክ ላይ «አንቺ ደፍረሽ ወጣሽ፤ እኔ ፈሪው እናቴ ጓዳ ቀረሁ» ያልከኝ ከሆዴ አልወጣ አለ። ኔትወርኩ ተቋረጠና መልሴን ሳልሰጥህ ቀረሁ። አሁን ልመልስልህ ነው። መልሴ በአንድ ልቦለድ በኩል ስለሚመጣ ግን ትንሽ ታገሰኝ።

መጽሐፉ «ሆቢት» ይባላል። የጻፈው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው። ለንደን ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1937 ነው። ከሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት ተውሼ አነበብኩት፤ ከዚያ የራሴን ገዛሁ። ቶልኪን የተወለደው በ1892 ደቡብ አፍሪካ፣ ብሉምፎንቴይን ውስጥ ነው። በሦስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር እንግሊዝ መጣ። አባቱ እዚያው እንደቀሩ ሞቱ። እናቱ ልጆቿን ይዛ የተጠጋችው እኔ ያለሁበት ከተማ ዳር፣ ሰሪሆል በምትባል መንደር ነበር። ያኔ ገጠር ነበረች። አሁን ከተማው ውጧታል፤ ወፍጮ ቤቷ ግን ሙዚየም ሆና አለች። በእረፍቴ ቀን ሄጄ አየኋት። ቀይ ጡብ፣ አንድ ጭስ ማውጫ፣ አጠገቧ ኩሬ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሰላማዊ የሆቢቶች አገር ከዚህች ሰፈር ትዝታ የተቀዳች ናት። ልጁ እዚያ የቆየው አራት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ እናቱም ሞተችበት። በ1916 ሶም በተባለው የጦር ግንባር ተዋጋ፤ በዚያው ዓመት ሁለት የልብ ጓደኞቹን ጦርነቱ በላበት። ይህን የምነግርህ ያለ ምክንያት አይደለም። ቤት ማጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የጻፈው መጽሐፍ መሆኑን ከገጽ ገጽ ስለሚሰማህ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቢልቦ ባጊንስ ሆቢት ነው። ሆቢቶች ቁመታቸው ከሰው ግማሽ የሚሆን፣ ጫማ የማያደርጉ፣ መብል የሚወዱ ፍጥረቶች ናቸው። ቢልቦ ሃምሳ ዓመቱ ነው። ጓዳው ሙሉ፣ ቤቱ የሞቀ። ጎረቤቶቹ የሚያከብሩት ምንም ያልተጠበቀ ነገር አድርጎ ስለማያውቅ ነው። አንድ ቀን ጋንዳልፍ የሚባል ጠንቋይ ይመጣል። በማግስቱ አሥራ ሦስት ድዋርፎች ተከታትለው ደጁን ያንኳኳሉ። አጭር፣ ጺማም፣ በብረትና በወርቅ ሥራ የተካኑ ሕዝቦች ናቸው። ጓዳውን አራቁተው ሲያበቁ፣ ዘንዶ የወሰደባቸውን ሀብት ለማስመለስ አብሯቸው እንዲሄድና ሌባ እንዲሆንላቸው ይጠይቁታል። ቢልቦ በፍርሃት ይወድቃል። በነጋታው ግን መሀረቡን እንኳ ሳይዝ ከቤቱ ሮጦ ይወጣል።

ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ ሲያወራ «ፈሪው ጀግና ሆነ» ይላል። እኔ እንደዚያ አላነበብኩትም። ቢልቦ እስከ መጨረሻው ፈሪ ነው። እስከ መጨረሻው ቤቱ ይናፍቀዋል። በዝናብ ሲበሰብስ፣ ሲርበው፣ ጨለማ ሲውጠው፣ የሚያስበው ምድጃውንና ማንቆርቆሪያው መፍላት ሲጀምር የሚያሰማውን ድምፅ ነው። ጸሐፊው ይህን ናፍቆት እየደጋገመ ያመጣዋል፤ አንድም ቦታ ግን አያፍርበትም። እኔም ወደድኩለት። እዚህ አገር ናፍቆትን እንደ ድክመት የሚያዩ አሉ። ቶሎ ልመዱ፣ ቶሎ እርሱ ይሉናል።

ሌላው ቤት የናፈቀው ሰው የድዋርፎቹ መሪ ቶሪን ነው። ዳዊቴ፣ እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው። ቶሪን ስደተኛ ነው። ዘንዶው ስማውግ የአያቱን መንግሥት ሲያጠፋ እሱ ገና ወጣት ነበር። ከዚያ ሕዝቡ በየአገሩ እየተንከራተተ ያገኘውን ሲሠራ ኖረ። አንዳንዴ ተራ ቀጥቃጭነት፣ ሲብስም የድንጋይ ከሰል ቁፋሮ። ቶሪን ይህን ሲናገር ውርደቱ ከድምፁ ይሰማል። እዚህ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ልክ እንደሱ የሚናገሩ አሉ። አገሩ ላይ አስተማሪ የነበረ ሰው እዚህ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሳል፤ ሲጠይቁት መጀመሪያ የሚናገረው ያኔ ምን እንደነበረ ነው። መጽሐፉ ሲወጣ አገራችን በጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች፤ ጃንሆይም እዚሁ እንግሊዝ፣ ባዝ ከተማ በስደት ነበሩ። ቶልኪን እሳቸውን አስቦ ጻፈ ማለቴ አይደለም። ግን ከዙፋኑ ስለተባረረ ንጉሥ ሳነብ ይህ ሳይታወሰኝ አላለፈም።

እንግዲህ ሁለት ቤት ናፋቂዎች አንድ መንገድ ይሄዳሉ። አንዱ ከቤቱ በፈቃዱ የወጣ፣ ሌላው ቤቱን የተቀማ። የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ናፍቆት እነዚህን ሁለቱን ምን እንዳደረጋቸው ነው።

የመንገዱን ነገር አሳጥርልሃለሁ፤ ራስህ ታነበዋለህ። ሰው የሚበሉ ግዙፎች አሉ፣ ጫካ ውስጥ የሚያወሩ ሸረሪቶች አሉ። አንድ ቦታ ላይ ግን ልቁም። ቢልቦ ከተራራ ሥር ጨለማ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። እዚያ ጎለም የሚባል ምስኪንም አስፈሪም ፍጡር ያገኘዋል። እንቆቅልሽ ይጫወታሉ። ልጆች ሆነን ማታ ማታ «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» ስንባባል የተሸነፈ አገር ይሰጥ አልነበር? አንተ ሁልጊዜ ጎንደርን ነበር የምትጠይቀኝ። እዚህ ግን ቢልቦ ከተሸነፈ የሚሰጠው ሥጋውን ነው። ጎለም ይበላዋል።

ቢልቦ ያሸንፋል። ከዚያ በፊት መሬት ላይ ያገኛት ቀለበት ደግሞ ከዓይን የምትሰውር ሆና ትገኛለች። ጎለም መውጫው ላይ ተኮራምቶ ተቀምጧል። ቢልቦ አይታይም፣ ሰይፍ ይዟል። አንድ ምት ይበቃ ነበር። ግን የዚያን ፍጡር ኑሮ ያስበዋል። ብርሃን የሌለበት፣ ነገ የማይሻልበት፣ ቀዝቃዛ ድንጋይና ቀዝቃዛ ዓሣ ብቻ። አዘነለት። ሳይነካው በላዩ ዘሎ አለፈ። የሚገርምህ፣ ይህ ክፍል በ1937ቱ እትም አልነበረም። ቶልኪን ያስገባው በ1951 ሁለተኛው እትም ሲወጣ ነው። በመካከል ሌላ የዓለም ጦርነት አልፏል። አሁን ያለ እሱ መጽሐፉን ማሰብ አልችልም።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ።

በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ተራራው ጋ ይደርሳሉ። ምስጢራዊው በር ይከፈታል። ወደ ዘንዶው የሚወርድ ዋሻ አለ። ድዋርፎቹ ሀብቱ የእነሱ ነው፤ መግባቱን ግን ለቢልቦ ይተውለታል። አንዱ ሽማግሌ ብቻ ጥቂት መንገድ ይሸኘዋል። ቢልቦ ብቻውን ይወርዳል። ሙቀቱ ይጨምራል፣ ከታች ቀይ ብርሃን ይታያል፣ ዘንዶው ሲያንኮራፋ ይሰማል። እዚያ ይቆማል። ጸሐፊው እዚህ ጋ ጣልቃ ይገባና ትልቅ ነገር ይናገራል። ከዚያች ቦታ አንድ እርምጃ መቀጠሉ በሕይወቱ ካደረገው ሁሉ የላቀ ድፍረት ነበር፤ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ እውነተኛውን ጦርነት የተዋጋው ዘንዶውን ሳያይ፣ ዋሻው ውስጥ ብቻውን ነው ይላል።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ አሰብኩህ። እማዬ የታመመች ጊዜ እኔ እዚህ ስልክ ይዤ ከማልቀስ ሌላ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ሌሊቱን ከአልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብለህ ያደርከው፣ በነጋታው ክፍል ገብተህ ያስተማርከው አንተ ነህ። ማንም አላየህም። እኔ አውሮፕላን ስሳፈር ግን አገር ምድሩ ሸኘኝ፣ ሁሉም «ጎበዝ» አለኝ። ታዲያ ፈሪው ማን ነው?

ደግሞ ይህን ልብ በል። በእማዬ አልጋ ራስጌ የተሰቀለው ሥዕል ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል። እኔም ቢልቦ ስማውግን እስኪገድል ስጠብቅ ነበር። አልገደለውም! የገደለው ባርድ የሚባል የሐይቁ ከተማ ቀስተኛ ነው፤ ቢልቦ በቦታው እንኳ አልነበረም። የቢልቦ ትልቁ ፈተና የመጣው ዘንዶው ከሞተ በኋላ ነው።

ስማውግ ከመሞቱ በፊት የሐይቁን ከተማ አቃጥሎታል። ሕዝቡ ክረምት በመጣበት ሜዳ ላይ ቀረ። ባርድ ወደ ተራራው መጥቶ ከሀብቱ ድርሻ ጠየቀ፤ ጥያቄውም ፍትሐዊ ነበር። ቶሪን እምቢ አለ። በሩን በድንጋይ ዘግቶ በወርቁ ላይ ተቀመጠ። ያ ስደተኛ፣ ዕድሜ ልኩን ቤቱን የዘመረ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ የሚያየው ወርቅ ብቻ ሆነ። ደጁ ላይ የቆሙት ቤታቸው በዘንዶ የተቃጠለባቸው ሰዎች ናቸው። ከሁሉም በላይ ሊገባው የሚገባ እሱ ነበር፤ አልገባውም። ይህ ክፍል ያስፈራኛል። ቀንና ሌሊት ሺፍት ደራርቤ፣ ለአገር ቤቱ ግንባታ የሚላከውን ብር ሳሰላ፣ ደውዬ ስለ ቆርቆሮና ስለ ብሎኬት ብቻ ጠይቄያችሁ ስልኩን ስዘጋ ቶሪን ይመጣብኛል።

ቢልቦ ምን አደረገ መሰለህ? ቶሪን ከሀብቱ ሁሉ አብልጦ የሚፈልገውን የከበረ ድንጋይ፣ አርከንስቶንን፣ አግኝቶ ደብቆት ነበር። ከሀብቱ አንድ አሥራ አራተኛው የእሱ ድርሻ ነው፤ ድንጋዩን በዚያ ይተካዋል። ሌሊት በገመድ ወርዶ ለባርድ ሰጠው። ለድርድር እንዲሆናቸው፣ ጦርነት እንዳይነሳ። እነሱም ከእኛ ጋር ቅር፣ እናከብርሃለን አሉት። እሱ ግን ጓደኞቼን እንዲህ ጥዬ መቅረት አይገባኝም፣ ደግሞም አንዱን ተረኛ እኩለ ሌሊት ላይ እቀሰቅሰዋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ ብሎ ተመለሰ። ተመለሰ! በነጋታው ቶሪን ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ የሰጠኋቸው» አለ። ቶሪን አንቆ ሊወረውረው ምንም አልቀረውም ነበር።

ወርቁ ቢልቦን ያልያዘው ለምን ይመስልሃል? እኔ እንደማስበው የሚናፍቀው ቤት ሌላ ስለነበረ ነው። የእሱ ቤት ምግብና እሳት፣ ደጅ የሚያንኳኳ እንግዳ ነው። ያ ደግሞ ለሁሉም ይበቃል። አባባ በሕይወት ሳለ ቡና ሲፈላ በር አይዘጋም ይል የነበረውን አስታውስ።

ጦርነቱ ግን ከሌላ ጠላት ጋር መጣ፤ ቶሪንም በመጨረሻ ወጥቶ እንደ ንጉሥ ተዋጋ። ሊሞት ሲል ቢልቦን አስጠርቶ የተናገረውን ክፉ ቃል አነሳ። ከተከማቸ ወርቅ ይልቅ ምግብን፣ ደስታንና ዘፈንን የሚያከብሩ ቢበዙ ዓለም የተሻለ ደስተኛ ትሆን ነበር አለው። ከድል በኋላ እንኳ ቢልቦ የወሰደው ሁለት ትንንሽ ሳጥን ብቻ ነው።

አመላለሱም አለልህ። ቤቱ ሲደርስ ሞቷል ተብሎ ዕቃው በሐራጅ እየተሸጠ ያገኘዋል። የራሱን ወንበር ራሱ መልሶ ይገዛል። ጎረቤቶቹም እንደ ድሮው አላከበሩትም፤ ተለወጠ፣ እንግዳ ሆነ አሉት። እሱ ደንታ አልሰጠውም። ግጥም እየጻፈ፣ ሻይ እያፈላ ኖረ። እኔም አንድ ቀን ስመለስ ሰፈሩ «ተለወጠች» ማለቱ አይቀርም። ይበሉ። አንተ ብቻ በደንብ እየኝ።

መጽሐፉን ለገና ወደ አገር ቤት በሚመጡ ሰዎች እጅ እልክልሃለሁ። እንግሊዝኛው አይከብድህም፤ ለተማሪዎችህም የእንቆቅልሹን ምዕራፍ አንብብላቸው። አሥራ ስድስተኛውን ምዕራፍ፣ ድንጋዩን የሰጠበትን፣ ለእማዬ እንደ ተረት ንገራት። የባልንጀራን አደራ አሳልፎ መስጠት ነው ወይስ ባልንጀራን ማዳን? እኔ ማዳን ነው ባይ ነኝ። እሷ ግን አደራ ላይ ቀልድ እንደማታውቅ ታውቃለህ፤ ፍርዷን ሳትቀንስ ሳትጨምር ጻፍልኝ። ያንተንም።

እማዬን በእኔ ስም ጉልበቷን ሳምልኝ። እትዬ አልማዝንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ። የብርዱን ኮት ለብሰህ ውጣ።

እህትህ
ሰናይት
ከበርሚንግሃም