ለሰፈራችን ወሬ አጣሪዎች የድጋፍ ጥሪ

የእድራችን አባላት፣ የሰፈራችን ልጆች፣ ውጭ ያላችሁም ዘመዶቻችን፤

ያቺን ምሽት አልረሳናትም። የተቃጠለ ቤተ እምነት ፎቶ በቴሌግራም መጣ። ከሥሩ «እዚሁ ታች ሰፈር ነው፣ አሁን ነው» ይላል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሱቆች ተዘጉ። ጎረምሶች መንገዱ ላይ ተሰበሰቡ፤ ዱላ የያዘም ነበረ። እናቶች ልጆቻቸውን በስልክ ይፈልጋሉ።

የዚያን ቀን ያተረፉን ሁለት የእድራችን አባቶች ናቸው፤ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን። ተያይዘው ታች ሰፈር ወረዱ። ቤተ እምነቱ ደህና ነው። ዘበኛው በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። እዚያው ቆመው ቪዲዮ ቀርጸው ላኩልን። ልጆቹም ወደየቤታቸው ገቡ። በኋላ አንዷ ልጃችን ፎቶውን ጎግል ላይ ብትፈልገው፣ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሳ ሆኖ ተገኘ። የላከው ሰው ክፉ አልነበረም። ደንግጦ ነው ሼር ያደረገው።

ከዚያ ወዲህ 12 ፈቃደኞች ወሬ የማጣራት ሥራ ይዘዋል። የሰማችሁትን ትደውሉላቸዋላችሁ። እነሱ ቦታው ድረስ ሄደው ያያሉ፣ ያገኙትን ይነግሯችኋል። ያላረጋገጡትን ደግሞ «ገና አላረጋገጥንም» ይላሉ። እኔ በጣም የማከብርላቸው ይሄንን ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ በጎረቤት አገርም ተሠርቷል። በኬንያ ታና ዴልታ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ኦርማና ፖኮሞ የሚባሉ ሁለት ማኅበረሰቦች ተጋጭተው ከ100 በላይ ሰው አለቀ። የጠቡ ሥር መሬትና ውሃ ነበር፤ ወሬ ግን አባባሰው። ከዚያ በኋላ «ኡና ሀኪካ» የሚባል አገልግሎት ተጀመረ። በስዋሂሊ «እርግጠኛ ነህ?» እንደማለት ነው። ሰው የሰማውን በስልክ ይልካል፤ ፈቃደኞች ያጣራሉ፤ መልሱ ለጠያቂው ይመለሳል።

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ የሚያሰራጭን እንደሚቀጣ እናውቃለን። ነገር ግን ቅጣት የሚመጣው ከጥፋቱ በኋላ ነው። እኛ የምንለው ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። ለጥሪ ብቻ የሚሆኑ ሁለት ስልኮች፣ የዓመት የኢንተርኔት ፓኬጅ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ፓወር ባንክ፣ የባጃጅና የታክሲ። እስካሁን ሁሉም ከኪሳቸው ነው። አንደኛው ለልጁ ደብተር የያዘውን ብር ለባጃጅ ከፍሎ እንደሄደ የሰማሁት ከሚስቱ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም፣ አይኖርምም።

ለምን ከእናንተ? ገንዘቡ ከአንድ ወገን ከመጣ፣ መልሳቸውም የዚያ ወገን ተደርጎ ይቆጠራል። ከየቤቱ 50 ብርም 100 ብርም ሲዋጣ ግን አጣሪዎቹ የሁላችንም ይሆናሉ። ስለዚህ ከፓርቲ አንቀበልም። አንድ ሰው ብቻውን ብዙ ልስጥ ቢል እንኳን «ጎረቤትህንም ይዘህ ና» ነው የምንለው።

መዋጮውን በእድሩ የወር ስብሰባ ላይ ለገንዘብ ያዣችን ስጡ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ወጪው በየወሩ በእድሩ ፊት ይነበባል። ውጭ ያላችሁ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩ። ብር ያልተረፋችሁ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ጉራጊኛ የምትችሉ ከሆነ እናንተም ኑ። በነዚህ ቋንቋዎች የሚመጣውን ወሬ አሁን የሚሰማልን ሰው አንሶናል።