ዛራ የት ሄደች?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ናሚቢያዋ ቤታኒ ያወጣችሁትን የጉዞ ዘገባ አነበብኩት። ባለቤቴ የዚያች ከተማ ልጅ ነው፤ ከናማ ሕዝብ ነው። ርእሱን ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ ግን ከድንጋዩ ቤት ፎቶ ሥር ያለው ጽሑፍ ላይ ስደርስ አለቀ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ባዶ በረሃ ላይ ቤት ሠርቶ ወንጌልን ለብቻው ወደ ናማ ቋንቋ መለሰ ይላል።

ለብቻው?

ሃይንሪሽ ሽሜለን በለንደን ሚስዮን ማኅበር ተልኮ እ.ኤ.አ. በ1814 እዚያ መስፈሩ እውነት ነው። ድካሙን አላሳንስም። ግን ቦታው ባዶ አልነበረም። የውሃ ምንጭ ነበረው፤ አብረውት የሰፈሩ ሰዎችም ነበሩ። በዚያው ዓመት ያገባት ዛራ ራሷ ናማ ናት። በ1831 ኬፕታውን የታተሙት አራቱ ወንጌላት የሁለቱም ልፋት ናቸው። የናማ ቋንቋ ጠቅ ጠቅ በሚሉ ድምፆች የተሞላ ነው። እኔ ከአማቶቼ ጋር ይህን ያህል ኖሬ እስካሁን በቅጡ አይወጡልኝም። ታዲያ ከጀርመን የመጣ ሰው ያለ ሚስቱ እርዳታ አራት ወንጌል ተረጎመ ብሎ ማን ያምናል? ዛራ ሕትመቱ አልቆ ከኬፕታውን ሲመለሱ መንገድ ላይ ሞተች። በዘገባችሁ ስሟ አንዴ እንኳን አልተነሳም። ጸሐፊያችሁ ያደሩበት ሆቴል ግን ሙሉ አንቀጽ አግኝቷል!

አማቴ ፎቶውን ስልኬ ላይ አይተው «ስለ እኛ ምን ይላል?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ልጄን አማርኛ ላስነብባት ያስቀመጥኩት ጽሑፍ ነበር፤ እሱንም ተውኩት። የአባቷ ወገኖች የሌሉበትን የአባቷን አገር ታሪክ ምን ብዬ ላስነብባት?

ከሌላ ጋዜጣ ቢመጣ ይህን ያህል አልናደድም። ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1960 ደቡብ አፍሪካን ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የከሰሰችው ያኔ በደቡብ አፍሪካ ትገዛ በነበረችው በዚህችው ምድር ጉዳይ ነው። የውጭ ጋዜጣ ስለ አድዋ ጽፎ እቴጌ ጣይቱን ቢዘላቸው ዝም እንላለን? አንልም። ልክም ነን።

ከፎቶው ሥር ያለውን አርሙት። «ለብቻው» የሚለውን አውጡና ዛራ ሽሜለን ብላችሁ ጻፉ። በ1907 ሻርክ ደሴት በጀርመኖች እስር ላይ እያለ የሞተው የቤታኒው የናማ መሪ ኮርነሊየስ ፍሬድሪክስም አንድ መስመር ይገባው ነበር። በሱ ጉዳይ ሌላ ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከዊንድሆክ