ለወፍ ኑግ እየገዛሁ ነው፣ እማዬ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? አባዬስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይቺን ደብዳቤ ማሙሽ ያነብልሻል። ማሙሽ፣ እየዘለልክ እንዳታነብ፤ ለአንተም የተጻፈ አለበት።

የዋሽንግተኗ እህቴ ወሬ ማቀበል አይሰለቻትም አይደል? "ልጅሽ ደሞዙን ለወፍ እየበተነ ነው" አለችሽ አሉ። ባለፈው በስልክ "እኛ ወፍ ስናባርር አደግን፣ አንተ ቀላቢ ሆንክ?" ብለሽ የሳቅሽው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አልፈርድብሽም። ደምቢያ ልጅ ሳለሽ ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥተሽ ወንጭፍ ስታስጮሂ የዋልሽ ሴት፣ ልጅሽ "ወፍ ይብላልኝ" ብሎ እህል በገንዘቡ ሲገዛ ብትስቂ ምን ይገርማል። ግን እሷ ያልነገረችሽ አንድ ነገር አለ። የምገዛው ኑግ ነው። አዎ፣ የእኛው ኑግ።

ቀልድ እንዳይመስልሽ። እዚህ ሚኒሶታ የወፍ ምግብ ከሚሸጥበት መደብር ብትገቢ ከሱፉ ጎን ጥቁሯ ኑግ በከረጢት ተደርድራ ታገኛታለሽ። ከኢትዮጵያ፣ ከህንድና ከማይንማር ነው የምትመጣው፣ ከሱፍም ትወደዳለች። እዚህ ዘይት የሚያወጣላትም፣ በጾም የሚወቅጣትም የለም፤ የወፍ ምግብ ብቻ ናት። ወደ አገሩ ስትገባ በሕግ በከፍተኛ ሙቀት ትታመሳለች፣ 120 ዲግሪ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ አብሯት የመጣ የአረም ዘር እንዳይበቅል ተብሎ ነው። ብቻ አረሙ ሲታመስ እሷም አብራ ትታመሳለች፤ ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ የሚባለው እዚህ ተገለበጠ። መጋዘን ውስጥ ብዙ ከቆየች ዘይቷ ይደርቃል፣ የደረቀችውን ደግሞ ወፎቹ ዞር ብለው አያዩዋትም። እኔም ከመግዛቴ በፊት ቅዳሜ ገበያ ላይ አንቺ እንደምታደርጊው በጥፍሬ ጨፍልቄ ዘይቷን አያለሁ። ሻጩ ግራ ይገባዋል።

ዋናዋ ደንበኛ ጎልድፊንች የምትባል ናት፣ ከድንቢጥ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። መመገቢያዋ ረጅም ቱቦ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በጣም ጠባብ ናቸው፣ አለዚያ ኑጓ ሁሉ መሬት ላይ ትፈሳለች። ወንዱ በበጋቸው ልክ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነው፣ ግንባሩና ክንፉ ጥቁር። ሌላው ወፍ ለጫጩቱ ትል ሲለቅም እነዚህ ዘር ነው የሚያጎርሱት፣ ለዚህም ብለው የሜዳው እሾህ አበባ ዘር እስኪያፈራ ጠብቀው፣ ሌላው ወፍ ልጆቹን አሳድጎ ሲጨርስ እነሱ ገና ጎጆ ይሠራሉ። ዓመቱን ሙሉ ጾመኞች ናቸው ብትይ ያስኬዳል፤ ካንቺ ጋር የሚስማሙ ወፎች።

ክረምቱ ሲገባ፣ የእነሱ ክረምት ማለት በረዶው፣ ወንዱ ቢጫውን ላባ አራግፎ ቡናማ ይለብሳል። አብዛኛው ሰው "ቢጫዋ ወፍ ሄደች" ይላል። እዚያው ናት እኮ! እኔ ጥርና ሐምሌ ላይ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳይ የመስቀል ወፍ ትዝ አለችኝ። እኛም በመስከረም ከየት መጣች እንላለን። የመስቀል ወፍ የምንላቸው ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው፣ ብዙዎቹ ግን ከዚያው አገር የትም አይሄዱም። ዝናቡን ተከትሎ ወንዱ ለጋብቻ ቀይ ወይ ጥቁር ላባ ይለብሳል፣ ጅራቱን የሚያስረዝምም አለ። በጋ ሲሆን ያን ያወልቅና ድንቢጥ መስሎ ከድንቢጥ ጋር ሲለቅም ይውላል። ታዲያ ከአጥራችን ላይ ቆሞ ስናየው ኖረን "ለመስከረም ያድርሰን" እንለዋለን።

ሌሎችም አሉ። ካርዲናል የሚሉት ቀይ ወፍ በረዶ ላይ ሲቀመጥ ማንም ሰው ጥሩ ፎቶ አንሺ ይመስላል። ቺካዲ የምትባለው ትንሽዬ ደግሞ ፍሬውን አንድ በአንድ እየወሰደች ዛፉ ቅርፊት ስር ትደብቃለች፣ የደበቀችበትንም አትረሳም። ለግንደ ቆርቁር ሞራ ይሰቀላል። አዎ፣ የበሬ ሞራ፣ በሽቦ ቅርጫት። ይህን ለአባዬ አትንገሪ።

ሃሚንግበርድ የምትባለው በግንቦት ትመጣለች፣ በመስከረም ትሄዳለች። አየር ላይ ቆማ ነው አበባ የምትቀስመው፣ ከአሜሪካ አህጉር ውጪም የለችም። ለእሷ አንድ ስኒ ስኳር በአራት ስኒ ውሃ ይበጠበጣል፣ ቀለም አይገባበትም፣ ማርም አይሆንም፤ ማሩ ይሻግትና ያሳምማታል። የእኛ አገሯ አበባ ቀሳሚ፣ ያቺ በፀሐይ የምታብለጨልጨው ቀጭን መንቁር ያላት፣ ሌላ ዘር ናት። አንደኛዋን ሳይንቲስቶቹ በተከዜ ስም ነው የሚጠሯት። የተከዜን ስም የያዘች ወፍ መጽሐፍ ላይ ሳገኝ ብቻዬን ጮህኩ።

ሌባም አለ። ዛፍ ለዛፍ የምትዘል ጅራተ ረጅም ሽኮኮ አለች፣ መመገቢያው ላይ ተገልብጣ ተንጠልጥላ ሱፉን ትዘርፋለች። መድኃኒቷ ሚጥሚጣ ነው። ወፍ ማቃጠሉ አይሰማውም፣ ሽኮኮና አይጥ ግን እንደ ሰው ያቃጥላቸዋል። አይዞሽ፣ አንቺ የላክሽውን በርበሬ አልነካሁትም፣ ከሱቅ የተገዛ ርካሽ ነው የምነሰንሰው። ጥንቸሎቹ ደግሞ ጎመኔን ጨርሰውታል፣ እነሱን ምን እንደማደርጋቸው እግዜር ይወቅ።

ፎቶውን የማነሳው ከወጥ ቤት መስኮት ሆኜ ነው። ውጪ ማን ይቆማል በዚህ ብርድ! የቤቱን መብራት አጠፋለሁ፣ ሌንሱን መስታወቱ ላይ አስጠጋለሁ፣ የወፏ ዓይን ጥርት ካለ ሌላው ቢደበዝዝ ግድ የለም። መስታወት ብዙ ወፍ ይገድላል፣ ሰማዩን ያዩበትና ይላተሙበታል። ስለዚህ መመገቢያው ወይ ከመስኮቱ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ይሰቀላል፣ ወይ በጣም ይርቃል፤ ቅርብ ከሆነ ቢላተሙም ፍጥነት ስለማይኖራቸው አይሞቱም። ዕቃውንም በየሁለት ሳምንቱ በበረኪና አጥባለሁ፣ አንዷ የታመመች ሌላዋን ታሲዛለችና። ይሄን ሁሉ ሥራ ማን ሰጠህ ብትይኝ መልስ የለኝም፣ ግን ከሥራ ደክሞኝ ስገባ የሚጠብቀኝ ነገር አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ አንተ፣ ማሙሽ። ስልክህ ጥሩ ካሜራ አለው፣ ቲክቶክ ላይ ከሚያልቅ ሥራ ላይ አውለው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ማለዳ ሂድ፣ ፀሐይዋ ከጀርባህ ትሁን፣ አትሩጥ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ትልቁን ቁራ አንሳልኝ። ለአንተ ተራ ቁራ ነው፣ ግን ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ በዓለም የትም የለም፣ ፈረንጆቹ እሱን ለማየት ስሜን ድረስ ይመጣሉ። የካቲት ላይ ደግሞ ለ4 ቀን የሚካሄድ የጓሮ ወፍ ቆጠራ አለ። እዚህ በ1998 (በፈረንጅ) ተጀመረ፣ ከ2013 ወዲህ ከየትኛውም አገር መሳተፍ ይቻላል። ቢያንስ 15 ደቂቃ ግቢያችን ቁጭ ብለህ ያየኸውን መቁጠር ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ስሙን የማታውቀውን ፎቶውን ላክልኝ፣ አብረን እንፈልገዋለን። ወንጭፉን ግን ለጎረቤት ልጆችም አታውሳቸው።

እማዬ፣ አንቺን መመገቢያ ስቀዪ አልልሽም። የስንዴውን ግርድ ለዶሮዎቹ ስትበትኚ እነሱም ድርሻቸውን እንደሚወስዱ አውቃለሁ። በጋው ሲጠና ብቻ ሰፋ ያለ ሳህን ውሃ አጥሩ ጥግ አስቀምጪልኝ፣ ጥልቅ አይሁን። ማን ማን እንደሚመጣ ማሙሽ ይነግረኛል።

ለፋሲካ የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬያለሁ፣ ባንኩ ሲደርሰው ይደውሉልሻል። አባዬን ሳሚልኝ፤ ሐኪም ቤት ካልሄዱ ግን አኩርፌያለሁ በይልኝ። እና በሚቀጥለው ስትደውዪ አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ዘንድሮ ኑግ ገበያ ላይ ስንት ገባ?

ናፋቂሽ ልጅሽ
ከሚኒሶታ