የስነ ጽሁፍ ክበባችን ዘንድሮ በአንዲት ላም ለቅሶ ተጠምዶ ከረመ

መስከረም ላይ ክፍሉ ሞልቶ ነበር፣ ሰኔ ላይ 8 ልጆች ብቻ ቀሩን፣ መቼም ሮብ ከሰዓት ሜዳው ላይ ኳስ እያለ ማን የላቲን ቃል ሊሰማ ይመጣል። ላቲን እኔም አልተማርኩም፣ ነገሩ የጀመረው አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ከባዮሎጂ ወጥቶ "ቲቸር እነዚህ ሳይንሳዊ ስሞች ትርጉም አላቸው እንዴ" ሲለኝ ነው። ዲክሽነሪ ስናገላብጥ "ሉክቲሶኑስ" የሚል ቅጽል አገኘን። ሉክቱስ ሀዘን ነው፣ ሰው ሲሞት የሚለቀሰው አይነት፣ ሶኑስ ደሞ ድምፅ።

ብርቅ ቃል ነው፣ ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ እ.ኤ.አ. 8 አካባቢ በጨረሰው ሜታሞርፎሲስ በሚባለው ረጅም ግጥሙ 1ኛ መጽሐፍ ላይ አለ፣ እና እዛ የምታለቅሰው ላም ናት! ኢዮ የወንዙ አምላክ የኢናኩስ ልጅ ነበረች፣ የአማልክቱ አለቃ ጁፒተር ከሷ ጋር መሆኑን ሚስቱ እንዳትደርስበት ብሎ ነጭ ጊደር አደረጋት። ልናገር ስትል እምቧ ብቻ፣ በገዛ ድምፅዋ ደነገጠች፣ ለአባቷ የደረሰባትን በሰኮናዋ አፈር ላይ ጻፈችለት። በሚስትየዋ ቅናት ስትባረር ስትባረር መጨረሻ የደረሰችው የት መሰላችሁ፣ ናይል ዳር! እዛ ተንበርክካ ወደ ሰማይ ቀና ብላ ያሰማችው ጩኸት ነው ሉክቲሶኑስ የተባለው። ልጆቹ "የኛ አባይ!" ብለው ተነሱ፣ ኧረ ታች ግብፅ ነው ብዬ አስቀመጥኳቸው።

ከዛ ሁለተኛው መንፈቅ በሙሉ ለቃሉ አማርኛ ፍለጋ ሆነ። "የሚያስለቅስ" አልን፣ ለሱ ላቲኑ ፍሌቢሊስ የሚል ሌላ ቃል አለው። "እንጉርጉሮ" ደስ ይል ነበር ግን እንጉርጉሮ ግጥም አለው፣ ኢዮ ደሞ ችግሯ ቃል ማጣቷ ነው። አንዷ ከገጠር የመጣች ልጅ በሬ የታረደበት ቦታ ከብቶቹ ደሙን አሽትተው እንዴት እንደሚያጓሩ አወራችልን፣ ክፍሉ ጭጭ አለ። በቃ እሱ ነው፣ ምን ትሉታላችሁ ስላት "እኔንጃ ቲቸር፣ እኛ ጆሯችንን ይዘን ነው የምንሮጠው" አለችኝ።

በመጨረሻ አንዱ ድምፀ መረዋ እንደምንለው "ድምፀ ሙሾ" እንበለው አለ፣ እጅ ወጣ፣ 5 ለ 4 አለፈ። ከ4ቱ አንዱ እኔ ነኝ፣ ሙሾ እኮ አውራጅ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ እሷ ብቻዋን ነበረች። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ቃሉን ሲያነቡ ጀርባ ሆኖ እምቧ ያለው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ዲክሽነሪውንም ይዞ የጠፋው እሱው ነው፣ የላይብረሪ ስለሆነ ክሊራንስ ከመድረሱ በፊት ይመልስ።